ከደቻቱ ዳር

1

ሰኔ ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ካለ አንድ ቡና ቤት ተቀምጫለሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የዓመቱን በጀት ይዞ ተሰብስቧል። የክልሎች የድጎማ ድርሻ መነበብ ሲጀምር ወሬው ቀስ እያለ ይበርዳል። ድሬዳዋ የምትነበበው ወደ ዝርዝሩ ማለቂያ ነው። ስሟ ሲጠራ አጠገቤ ያሉ ሽማግሌ ቀና አሉ። አኀዙን አልሰሙትም። ስሙን ሰምተው "አለን" አሉና ወደ ሲኒያቸው ተመለሱ።

2

ምክር ቤቱ 547 መቀመጫ አለው። የድሬዳዋ 2 ነው።

የድሬዳዋ አስተዳደር ቻርተር፣ አዋጅ ቁጥር 416/1996፣ የወጣው እዚያ ነው። የሚሻሻለውም እዚያው ነው። ከተማዋ የራሷ ምክር ቤት አላት። በጀት ያጸድቃል፣ ከንቲባ ይመርጣል፣ አስተዳደሩን ይጠይቃል። ራሱ የቆመበትን ሕግ ግን አንዲት ቃል መለወጥ አይችልም። ሁለቱ ተወካዮቻችን በአንድ ድምፅ ቢናገሩ፣ የቀረው 545 መቀመጫ የሌላ ነው።

3

ሕገ መንግሥቱ 106 አንቀጽ አለው። አንቀጽ 47 ክልሎችን በስም ይዘረዝራል። አንቀጽ 49 ስለ አዲስ አበባ ነው። ድሬዳዋ የሚለውን ስም ፍለጋ ከመግቢያው እስከ መጨረሻው ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የለም።

የልጄ የትምህርት ቤት ደብተር ላይ ጥያቄው "በአገራችን ስንት የከተማ አስተዳደሮች አሉ?" የሚል ነው። "ሁለት፤ አዲስ አበባና ድሬዳዋ" ብላለች። መምህሯ በቀይ የትክክል ምልክት አድርጎበታል።

4

ለአንዲት ከተማ የተሰጠ ቦታ፣ በየዘመኑ።

በንጉሡ ዘመን፣ በሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ የአንድ አውራጃ መቀመጫ። አውራጃው የሚጠራው ከኢሳና ከጉርጉራ ጋር ነበር።

በ1980 ብሔራዊ ሸንጎው አገሪቱን እንደ አዲስ ሲከፋፍል፣ ከአምስቱ ራስ ገዞች አንዷ። ሌሎቹ ኤርትራ፣ ትግራይ፣ አሰብና ኦጋዴን ነበሩ።

በ1984 አዋጅ ቁጥር 7 የሽግግሩን ክልሎች ሲያቋቁም፣ ኦሮሚያም ሶማሌም የእኔ ናት አሏት። ነገሩ እስኪለይ "ለጊዜው" ተብሎ በማዕከላዊው መንግሥት እጅ ቆየች።

በ1996 ቻርተር ወጣላት። ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ሆነ።

ሥልጣን ሁሉ አዲስ አበባ በተከማቸበት ዘመን ድሬዳዋ ራስ ገዝ ተብላለች። ሥልጣን ለክልሎች ይውረድ በተባለበት ዘመን ክልል ሳትሆን ቀርታለች። እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ደብተሬ ላይ ጎን ለጎን ጽፌ ብዙ ጊዜ ተመልክቻቸዋለሁ።

"ለጊዜው" በተባለበት ዓመት የተወለዱ ልጆች፣ ዛሬ ልጆቻቸውን እጅ ይዘው ትምህርት ቤት ያደርሳሉ።

5

የድጎማውን ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። አባላቱን የሚልኩት የክልል ምክር ቤቶች ናቸው። ድሬዳዋ ክልል ስላልሆነች የምትልከው ሰው የለም። ቀመሩ ግን ድሬዳዋንም ይመለከታል።

ሕገ መንግሥት ሲሻሻልም የክልል ምክር ቤቶች ድምፅ ይሰጣሉ። የድሬዳዋው ምክር ቤት አይጠየቅም። ይህን ለአንድ በሂሳብ ሥራ ለሸመገለ ወዳጄ አነሣሁበት። "አቦ፣ እኛ የላኩልንን እንቀበላለን" አለኝ። ሲናገር አልተቆጣም። እኔን ያስጨነቀኝ አለመቆጣቱ ነው።

6

ወደ ሐረር ሚኒባስ ያዝኩ። ደንገጎን ወጥተን፣ ሐረማያን አልፈን፣ ሐረር ገባን። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ከጥቂት ነው። ጠዋት ከፌዴራል ተጠሪ ከተማ ተነሥቼ፣ ኦሮሚያን አቋርጬ፣ ለቡና ሐረሪ ክልል ደረስኩ።

በ1999ኙ ቆጠራ ሐረሪ 183,415 ሰው ነበራት። ድሬዳዋ 341,834። ሐረሪ የራሷ ሕገ መንግሥት አላት፤ በፌዴሬሽን ምክር ቤትም ወንበር አላት። ሐረርን አልቀናባትም፤ የጀጎል ልጆች ያገኙት ይገባቸዋል። የጻፍኩት ሁለቱን ቁጥሮች ብቻ ነው።

ከኋላዬ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ስለ ሽንኩርት ዋጋ ሲጨዋወቱ በኦሮምኛ ጀምረው፣ በአማርኛ ተከራክረው፣ በሶማሊኛ ሳቁ። የትኛው ድንበር ላይ ቋንቋ እንደቀየሩ ለማወቅ ጆሮዬን ብጥልም አልቻልኩም።

7

የከተማው ቀበሌዎች ቁጥር አላቸው። ባጃጅ አስቁሜ በቁጥር ነገርኩት። ልጁ ዞር ብሎ አየኝ። "ሰፈሩ የት ነው?" አለኝ። ገንደ ቆሬ፣ አዲስ ከተማ፣ ሳቢያን፣ ግሪክ ካምፕ፣ ነምበር ዋን፣ መጋላ፤ በእነዚህ ከሆነ ዓይኑን ጨፍኖ ያደርሳል። እነዚህ ስሞች በሰው አፍ የሚኖሩ ናቸው።

ምኒልክም ለከተማዋ "አዲስ ሐረር" ብለው ስም አውጥተውላት ነበር። ስሙ ወረቀት ላይ ቀረ። አገሬው ድሬዳዋ ማለቱን አልተወም።

8

ቻርተሩ "የድሬዳዋ አስተዳደር" ይላል። "ከተማ" የሚለው ቃል ያልገባበት ምክንያት አለው፤ አስተዳደሩ ውስጥ የገጠር ቀበሌዎችም አሉ። ዋሂል፣ አሰሊሶ፣ ቢዮ አዋሌ፣ ጀልዴሳ ገጠር ናቸው። ማሽላ የሚዘራና ግመል የሚጠብቅ ሰው የከንቲባ አስተዳደር ነዋሪ ነው።

ጀልዴሳ ባቡር ከመምጣቱ በፊት ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ የሚያርፍባት፣ ቀረጥ የሚከፍልባት በር ነበረች። ድሬዳዋ ያኔ ሜዳ ነበረች። በታኅሣሥ 1895 ባቡሩ ድሬዳዋ ሲደርስ ንግዱ ጀልዴሳን ትቶ መጣ። ዛሬ ጀልዴሳ በድሬዳዋ ሥር የገጠር ቀበሌ ናት።

አንድ የጀልዴሳ ሽማግሌ ቀፊራ ገበያ አግኝቼ "ከተማ ውስጥ ነው ወይስ ገጠር ነው የሚኖሩት?" አልኳቸው። "ግብር ሲሆን ከተማ ነን፤ ውኃ ሲሆን ገጠር ነን" አሉኝ። ይህን ያሉት ፍየላቸውን በገመድ እንደያዙ ነው። ፍየሏ መሬት ላይ የወደቀ የጎመን ቅጠል እየለቀመች ነበር።

9

ባቡሩ ሐረር መግባት ነበረበት። ተራራው አላስወጣ አለው። መሐንዲሶቹ ወጪውን አስልተው ሐዲዱን በቆላው በኩል አሳለፉት። ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በዚህ ስሌት ነው። የትኛውም ምክር ቤት አልመከረባትም።

ከዚራን የባቡር ኩባንያው በገመድ ለክቶ ሠራት። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ዛፉ በመስመር ቆሟል። መጋላን ነጋዴው፣ ወዛደሩና ስደተኛው ራሱ ሠራት። መንገዷ ይጠማዘዛል፤ ግድግዳ ከግድግዳ ይነካካል። በመካከላቸው የደቻቱ ወንዝ አለ። የከተማ ፕላን የሚያጠኑ ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲ መጥተው ከዚራን ፎቶ ያነሣሉ። ሲርባቸው መጋላ ይሻገራሉ።

የኤሌክትሪክ ባቡሩ በመስከረም 2009 ተመረቀ። ጣቢያው ከከተማ ውጭ ነው። የድሮው ጣቢያ መሃል ከተማ ቆሟል። የሸመንደፈር ጡረተኞች ዛሬም በፊቱ ያልፋሉ። አንዱ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ያልፋል፤ ሰዓቱ የሥራ መግቢያ የነበረ ነው።

10

አርባ አርባ ሃያ ይባላል። ከከተማዋ ምክር ቤት መቀመጫና ከሹመቱ 40 በመቶ ለኦሮሞ፣ 40 በመቶ ለሶማሌ፣ 20 በመቶ ለቀረው ሁሉ። ከንቲባነቱም በሁለቱ መካከል ሲፈራረቅ ኖሯል። ስምምነቱ የፓርቲዎች ነው፤ ቻርተሩ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁትም። የ1999ኙ ቆጠራ ኦሮሞን 46 በመቶ፣ ሶማሌን 24፣ አማራን 20፣ ጉራጌን 4.5 ገደማ አድርጎ መዝግቧል። ትርፍና ጉድለቱን ቀንሶ ያላየ የድሬ ልጅ የለም።

ቀመሩን የሚያስረዱ ሰዎችን አዳምጫለሁ። ሁለት ክልል የሚፈልጋት ከተማ ደም ሳይፈስባት እንድትውል የተገኘ መላ ነው ይላሉ። ለዓመታት እንደዚያ መዋሏን እኔም ኖሬ አይቻለሁ። በ2011 ወጣቶቹ አደባባይ ሲወጡ ግን፣ ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ቀመር ይቅር የሚል ነበር።

በኅዳር 2012 የተደራደሩት ፓርቲዎች አንድ ፓርቲ ሆኑ። ሹመት በወጣ ቁጥር ግን ሰው አሁንም ጣቱን እያጠፈ ይቆጥራል። እኔም ቆጥሬያለሁ።

ጎረቤቴ አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ ሶማሌ ናቸው። ያገባው መጋላ የተወለደች የጉራጌ ልጅ ነው። ሦስት ልጆች አሏቸው። ቅጽ ሲመጣ ብሔር የሚለው ቦታ አንድ መስመር ብቻ ነው። ትልቁን አባት አስመዘገበው፤ በአባቱ ጻፈው። ሁለተኛዋን እናት ወሰደቻት፤ በራሷ ጻፈቻት። ለሦስተኛው አያት ሄዱ። ሦስቱም በአንድ ሳህን ይበላሉ። በሦስት መቶኛ ይቆጠራሉ።

11

የፋይዳ መታወቂያ ለማውጣት ተሰለፍኩ። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ጾታ፣ አድራሻ ጠየቁኝ። አሻራዬንና ዓይኔን ወሰዱ። ብሔርህ ያለኝ የለም። አሮጌው የቀበሌ መታወቂያዬ ግን ጽፎታል። ሁለቱም አንድ ኪስ ውስጥ ናቸው።

12

የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በግንቦት 1999 ተደረገ። ቀጣዩ ተደጋግሞ ተቀጠረ። በሰኔ 2011 ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተቀምጠው አራዘሙት። ያኔ ጉዳዩ በዜና ላይ ጥቂት ቀን ቆየ።

ከተማ ሲታቀድ ስንት ክፍል፣ ስንት አልጋ፣ ስንት ቦኖ ተብሎ ነው። የሚከፈለው በሰው ቁጥር ነው። የዕቅዱ ሰነድ ላይ "በትንበያ" የሚል ቃል ከቁጥሩ ጎን አለ። ልጄ ክፍል ውስጥ ግን አንድ ዴስክ ላይ አራት ሆነው ይቀመጣሉ። አራተኛዋ ልጅ ከዴስኩ ጫፍ ላይ ናት፤ ስትጽፍ ግራ እግሯን ወለሉ ላይ ተክላ ራሷን ትደግፋለች።

13

የከተማዋ ምክር ቤት በሚያዝያ 2005 ተመረጠ። ዘመኑ አምስት ዓመት ነበር። በ2010 ምርጫው ተራዘመ። በ2011 ደግሞ ተራዘመ። ቀጥሎ ወረርሽኝ መጣ። ምርጫው በሰኔ 14 ቀን 2013 ሆነ። የአምስት ዓመት ምክር ቤት ስምንት ዓመት ተቀመጠ።

የቀበሌ ምርጫ ትዝ የሚለኝ ያው የ2005ቱ ነው። ለሰው ቅርቡ ቀበሌ ነው። የልደት ወረቀቱ፣ የኪራይ ቤቱ፣ የጠበኛ ጎረቤት ክሱ እዚያ ነው። ለአቅመ ምርጫ የደረሰች የእህቴ ልጅ የቀበሌ ተመራጭ የሚባል ሰው በምርጫ ይመጣል ስላት አላመነችኝም። "ይመደባል እንጂ" አለችኝ።

14

በንጉሡ ዘመን ስለ አካባቢ አስተዳደር ትልቅ ክርክር ነበር። በ1958 ትእዛዝ ቁጥር 43 ወጣ። የአውራጃ ራስ አስተዳደር ይባላል። አውራጃዎች ምክር ቤት መርጠው፣ ከሚሰበሰበው ግብር ላይ ተሰጥቷቸው፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና የገጠር መንገድ ራሳቸው እንዲሠሩ የታሰበ ነበር። በጥቂት አውራጃዎች ሊጀመር ተዘጋጀ። ገንዘቡ በፓርላማ ማለፍ ነበረበት። የመሬት ባለቤቶች የበዙበት ፓርላማ አላሳለፈውም።

ትእዛዙ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ታትሞ ተቀምጧል። የሞላ ወረቀት ነው።

በጥር 2017 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅን አጸደቀ። ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች በቤትና በይዞታ ላይ ግብር እንዲጥሉ መንገድ የሚከፍት ነው። ሕዝቡ ይችለዋል ወይ ብለው የጠየቁ የምክር ቤት አባላት ነበሩ። አዋጁ በአብላጫ ድምፅ አለፈ።

መጋላ ውስጥ አንዲት እናት አሉ። ቤታቸውን አያታቸው በጭቃ ጀምሯት፣ አባታቸው በድንጋይ አስረዝሟት፣ እሳቸው ቆርቆሮ ቀይረውባታል። ስለ አዋጁ ነገርኳቸው። "ግብር ለከተማዬ ብከፍል ደስ ይለኛል፤ ዋጋውን ማን ይነግራቸዋል?" አሉ። ቤቱ ስንት ያወጣል ብለው ይገምታሉ አልኳቸው። ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። "ሸጬው አላውቅማ!"

15

አንድ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ የፕላን ውይይት ተጠራ። ሁለት ሰዓት ተባለ፤ አራት ተጀመረ። ትልቅ ካርታ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ቀለሞቹ ያምራሉ። ባለሙያው ጎበዝ ልጅ ነው፤ ያጠናውን ያውቃል። መኖሪያ ቢጫ፣ ንግድ ቀይ፣ አረንጓዴ ሥፍራ እያለ አስረዳ። ግማሹ ሰው ከኋላ ስለሆነ ካርታው አይታየውም።

አንዲት አሮጊት እጃቸውን አወጡ። "ልጄ፣ ያቺ ሰማያዊ መስመር ውኃ ከሆነች መቼ ነው እኔ ቤት የምትደርሰው?"

"እናቴ፣ እሱ ወንዙ ነው።"

"ወንዙንማ አውቀዋለሁ። እሱ ሳልጠራው ይመጣል።"

አዳራሹ ሳቀ። ባለሙያውም ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ያዝ አድርጎ ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጻፈ። ምን እንደጻፈ ለማየት አንገቴን ሰገግኩ። "ውኃ" ብሎ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። በስብሰባው መጨረሻ ቃለ ጉባኤው ሲነበብ ግን "ነዋሪው ፕላኑን በመደገፍ አስተያየቱን ሰጥቷል" የሚል ነበር። አሮጊቷ የሉበትም። ቆሜ ይግባልኝ አልኩ። "ይካተታል" ተባልኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቃለ ጉባኤውን ለማየት ሄድኩ። የያዘው ሰው ለስብሰባ ወጥቷል አሉኝ።

16

ደቻቱ በበጋ ወንዝ አይደለም። አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ መኪና ይታጠብበታል፣ ልብስና ጫማ ይዘረጋበታል፣ ግመል ያቋርጠዋል። ሰው ከከዚራ ወደ መጋላ ድልድይ ሳይፈልግ በውስጡ ይሻገራል። ከላይ ሆኖ ለሚያየው ሰፊ መንገድ ይመስላል።

በሐምሌ 1998፣ ለ30 አጥቢያ፣ ሌሊት መጣ። ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። ብዙ ሺህ ሰው ቤት አልባ ሆነ። ከተማው ላይ የዘነበው ያን ያህል አልነበረም። ውኃው የወረደው ከደንገጎ በላይ ካለው የሐረርጌ ደጋ ነው። ከዚያ በኋላ በዳርና ዳር የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠራ። ጠንካራ ግንብ ነው፤ ብዙ ሰው በእሱ ተማምኖ ተኝቷል።

ግንቡ የቆመው በድሬዳዋ አስተዳደር ውስጥ ነው። ጎርፉ የሚነሣው ኦሮሚያ ውስጥ ካለው ደጋ ነው። ከተማዋን አቋርጦ የሚሄደው ወደ ሶማሌ ክልል ሜዳ ነው። አሸዋውንና ቆሻሻችንን እዚያ ያራግፋል። አንድ ወንዝ፣ ሦስት መንግሥት። በ1997 ከ400 በላይ ቀበሌዎች የኦሮሚያ ናቸው ወይስ የሶማሌ ተብሎ ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ፣ ድሬዳዋ አልተጠየቀችም። ወንዙም አልተጠየቀም።

ግንቡ ላይ ተቀምጠን ስናወራ ሁላችንም አንድ ነገር እንላለን፦ ደጋው ተራቆተ፣ ዛፉ ተቆረጠ፣ ዳገቱ እርከን ያስፈልገዋል። ስናወራ ጫቱ ፊታችን ነው። ጫቱ ከዚያው ደጋ ነው። ማታ ቤታችን የሚፈላው ሻይ በከሰል ነው። ቀፊራ የእንጨት ሸክም ይዘው ጠዋት የሚገቡት ሴቶች ከዚያው ዳገት ነው የሚወርዱት። ከአንዷ ተከራክሬ እንጨቱን በርካሽ ገዝቻለሁ። ሸክሟን ስታወርድ አንገቷ ላይ ገመዱ የተወው ሰንበር ይታይ ነበር፤ ጠባብ፣ ጥቁር፣ እንደ ሐብል። የተከራከርኩበትን ብር ልመልስላት ስዞር ሄዳለች።

ለዚህ ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው የሚመክሩ የሦስቱ ተመራጮች ሲሰበሰቡ አላየሁም። ባየሁ ቀን ሙሉውን ገጽ እሰጣቸዋለሁ።

17

ፍርድ ቤት በር ላይ አንድ ሰውዬ ፋይል ታቅፎ ቆሟል። የቀበሌ ቤት ክርክር ነው። ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሄዶ "ይህ የከተማው ፍርድ ቤት ጉዳይ ነው" ተብሏል። ሁለቱም እዚሁ ከተማ ናቸው። "ከተማው ፍርድ ቤት በየት ነው?" አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው የሰፈሬ ሰው ነው፤ ሃምሳ ዓመት እዚህ ኖሯል።

18

ሲዳማ በኅዳር 2012 ድምፅ ሰጥቶ ክልል ሆነ። ቀጥሎ ደቡብ ምዕራብ፣ ቀጥሎ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ። ዛሬ ክልሎች 12 ናቸው። ክልል የመመሥረት መብት በክልሎች ውስጥ ያሉ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ነው ይላል አንቀጽ 47። ድሬዳዋ በየትኛውም ክልል ውስጥ አይደለችም።

ሲዳማዎች የጨፈሩ ዕለት አንድ የሐዋሳ ልጅ ሳቢያን ውስጥ ኬክ ገዝቶ ለጎረቤት አደለ። ሁሉም መረቀው። አንድ ጎረምሳ "እኛስ መቼ ነው?" አለ። "እኛ ማን?" አለው ሌላው። ከዚያ ወሬው ወደ ኳስ ዞረ። ጥያቄውን ግን የዚያን ዕለት ማታ ጻፍኩት፤ መልሱን የምሞላበት ሦስት መስመር ባዶ ትቼ ነው። እስካሁን ባዶ ናቸው።

19

ነሐሴ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ድሬ ላይ ፀሐይ ናት፤ ሙቀቱ ከአስፋልቱ ይነሣል። ደቻቱ አሸዋ ላይ አንዲት ሴት ያገለገሉ ጫማዎች ደርድራለች። ስልኳ ጮኸ። አዳመጠች። "እሺ" አለች በኦሮምኛ። ስልኩን ዘጋችና ጫማዎቹን ጥንድ ጥንድ እያደረገች ጆንያ ውስጥ መክተት ጀመረች።

አጠገቧ ያለው ልብስ ሻጭ በሶማሊኛ ምን ሆንሽ አላት። በአገጯ ወደ ደንገጎ አመለከተችው። ተራራው ላይ ጥቁር ደመና ተኝቷል። እሱም ላስቲኩን ማጠፍ ያዘ። ወደ ታች ላለው በአማርኛ ጮኸለት፤ እሱ ለቀጣዩ። ወሬው አሸዋውን ይዞ ወረደ። ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ጎል የነበሩትን ድንጋዮች ጥለው ወጡ። ባለ ጋሪው ፈረሱን ፈታ። ከቢሮ የመጣ ሰው አልነበረም፤ ሳይረንም አልሰማሁም።

"ማን ነው የደወለልሽ?" አልኳት።

"ላይ ያገባች እህት አለችኝ። ሲዘንብ ትደውላለች።"

ጆንያውን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ግንቡን ወጣች። ግንቡ ላይ ሁላችንም ተደርድረን ወደ ላይ እናያለን። አሸዋው ባዶ ነው፤ አንድ እግር ሰንደል ቀርቷል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ድምፁ ተሰማ።